የመሃል ሠሪዋ አውሬ

ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 1994 ነበር። ሶክ-ጁ እንዲህ ይልና መልሶ ራሱን ይጠራጠራል። የከተማው ትልቅ ድልድይ ተደርምሶ በማለዳ ከነመኪናው ሃን ወንዝ ውስጥ የገባበት መጸው እንደነበረ ትዝ ይለዋል። ግን ፒል-ሱን ለፈተና ስትቀመጥ ድልድዩ ገና ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ? ካልወደቀ ዘጠና ሦስትም ሊሆን ይችላል። የሚጠይቀው ሰው የለም። አብረው ይሠሩበት የነበረው ሥዕል ቤት እንኳ ፈርሶ ዛሬ በቦታው መኪና ይታጠብበታል።

በዚያ ቤት ለውጭ አገር ልጆች የካርቱን ፊልም ይሠራ ነበር። ፎቅ ላይ ያሉት ዋና ሠዓሊዎች መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ይስላሉ፤ ፈረሱ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ፣ ከዚያ ፈረሱ ከአጥሩ ወዲያ። በመካከል ያለውን ሁሉ፣ ጡንቻው ሲሰበሰብ፣ ኮቴው መሬት ሲለቅ፣ ጋማው ዘግየት ብሎ ሲከተል፣ ምድር ቤት ያሉት ሴቶች ይሞሉታል። መሃል ሠሪ ይሏቸዋል። ፒል-ሱንም መሃል ሠሪ ነበረች።

ከደቡብ፣ ከጨው ማምረቻ መንደር የመጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው። ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ መነሻውንና መድረሻውን ትደራርባለች፤ ሦስተኛ ወረቀት ታለብሳቸዋለች፤ በግራ እጇ ጣቶች ወረቀቶቹን እያገላበጠች በቀኟ በእርሳስ መንገዱን ትፈልጋለች። ክንፍ ያለው አንበሳ፣ ሦስት ራስ ያለው እባብ፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ በእጇ አልፈዋል። ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ ግን ፊልሙን አይታ አታውቅም። የማንን መስመር እየተከተለች እንደሆነ ሳይነግሯት ታውቃለች። «ይሄ ሰውዬ ትናንት ጠጥቷል» ትላለች ወረቀቱን ገና ስታነሳው። የሶክ-ጁን ሥዕል ያየች ቀን ደግሞ፣ «አንተ መስመሩን አትስለውም፤ ትለምነዋለህ» አለችው።

ሶክ-ጁ ከዋና ሠዓሊዎቹ በዕድሜ ትንሹ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተምሮ፣ የራሱን ሥዕሎች ሰቅሎ ሰው እንዲያይለት ሲመኝ፣ የሌሎች አገር ልጆች ጥንቸል እጁ ላይ ቀረ። ሴቶቹ ፕሮፌሰር እያሉ ያሾፉበታል። እሱም አይከፋውም፤ ምሳውን ይዞ የሚወርደው እነሱ ዘንድ ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ የሥዕል ቤቱ ኃላፊ አለቃ ማ ምድር ቤት ወርደው፣ ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቆ፣ ቆመው ተናገሩ። መሃሉን ከእንግዲህ ቻይና ይሠራዋል። ክፍሉ ከመጸው በኋላ ይዘጋል። ፎቅ ላይ ሁለት ቦታ አለ፤ የሚፈልግ ይፈተን። ፈተናው በዓለም የሌለ አንድ አውሬ ከራስ አውጥቶ መሳል ነው፤ ተኝቶ፣ ቀጥሎም ተነስቶ።

አለቃው እንደወጡ ሚ-ራን፣ የክፍሉ አፈኛ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካችና ወደ ፒል-ሱን ዞረች።

«እኔስ ፀጉር ቤት እከፍታለሁ። እትዬ፣ አንቺ ምን ትከፍቻለሽ? አፍሽን?»

«እኔ አፌን ከከፈትኩማ አንቺ ፀጉር ቤትሽን ትዘጊያለሽ።»

ሁሉም ሳቁ። ፒል-ሱን ግን ምሳዋን ሳትነካ ከደነችው። ከሥራው ከወጣች የምትሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበራት፤ የወንድሟ ቤት። «የወንድሜ ሚስት ጨው ስትሰጥ እንኳ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል» አለች ሶክ-ጁን ደረጃው ላይ ይዛ። «በጨው አገር! ፕሮፌሰር፣ እንዴት እንደሚጀመር አስተምረኝ።»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ የልጆች መናፈሻ ውስጥ ወዳለው የአራዊት ማቆያ ይሄዱ ጀመር። ነብሩ አርጅቷል፤ ሙቀቱም አድክሞታል። ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ዝንብ እንኳ አያባርርም። ሶክ-ጁ ደረቱን እንደ ትልቅ እንቁላል፣ ዳሌውን እንደ ትንሽ እንቁላል አድርጎ፣ በመካከላቸው የጀርባውን መስመር እንዴት እንደሚያሰፍር አሳያት። እሷ እርሳሷን ይዛ ነብሩን ብቻ ታያለች።

«ለምን አትስይም እትዬ?»

«የት እንደሚሄድ አላውቅማ።»

«የትም አይሄድም። ተኝቷል።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

እሱ መጀመሪያውን ካኖረላት እጇ ይፈታል። ነብሩን ታስነሳዋለች፤ ትከሻው ቀድሞ፣ ሆዱ ተንጠልጥሎ፣ ጅራቱ ሳይወድ በግድ ተጎትቶ። ሶክ-ጁ በአራት ዓመት ትምህርቱ እንዲህ ያለ ሕይወት በወረቀት ላይ አላስቀመጠም፤ ይህን ከራሱ ደብቆ አያውቅም። ባዶ ወረቀት ከሆነ ግን የእርሳሷ ጫፍ ማረፊያ እንዳጣ ዝንብ ከወረቀቱ በላይ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያርፍም።

አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠው በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሲበሉ፣ የትኛውን አውሬ ልትስል እንዳሰበች ጠየቃት።

«ብረት በሊታውን።»

«ብረት በሊታው ምን ይመስላል?»

«አያቴ ሲያወራልኝ፣ አንድ ሰው ከተረፈ ሩዝ ጠፍጥፎ ጣት የማይሞላ እንስሳ ሠራ። መርፌ አበላው፣ አደገ። ምስማር በላ፣ አደገ። ማረሻ፣ የበር ቁልፍ፣ የወታደር ሰይፍ በላ። በመጨረሻ ከተማ አከለ።»

«እሺ፣ ግን መልኩ?»

ፒል-ሱን ሩዙን በአፏ እንደያዘች አሰበች። «መልኩን አልነገረኝም። ሲያድግ ነው የነገረኝ።»

መጸው ሲገባ መጀመር ጀመረች ማለት ይቻላል። እርሳሷ ካረፈ በኋላም ይፈራል፤ ጀርባው ደርቆ እግሩ የተተከለ እንስሳ ይወጣታል። ልጅ የሳለው ይመስላል። «ደህና ነው» ይላታል ሶክ-ጁ። እሷ ቀና ብላ ፊቱን ታያለች፤ ከዚያ ሌላ ወረቀት ታወጣለች።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ወረቀት የሚያድለው እሱ ነበር። ሌሎቹ ሳይገቡ ቀደም ብሎ ወረደ። በፒል-ሱን ጠረጴዛ ላይ ባለው ነጠላ ወረቀት፣ በጠንካራ እርሳስ፣ እጅግ አቅልሎ፣ አንድ አውሬ ሳለ፤ የዝሆን ኩምቢ፣ የድብ ትከሻ፣ የበሬ ጅራት ያለው፣ ራሱን በፊት እግሮቹ ላይ ጥሎ የተኛ። ከጎኑም ያው አውሬ ተነስቶ። ሳያጎነብስ ለሚያልፍ ባዶ ወረቀት ነው፤ ለሚያጎነብስ ግን መነሻውም መድረሻውም እዚያ አለ። የቀረውን እጇ ያውቀዋል፤ አጠንክራ ብትከተለው ይበቃል። ሶክ-ጁ እርሳሱን ኪሱ ከቶ ሌሎቹን ወረቀቶች ማደል ቀጠለ።

ፈተናው ሲጀመር በሩ ላይ ቆሞ አያት። መብራቷን አበራች። አጎነበሰች። ከዚያ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካ እናት፣ እንዲሁ ቆየች። ወደ በሩ ግን አልዞረችም። በመጨረሻ ጀርባዋ መወዛወዝ ጀመረ፤ ክንዷ ወረቀቱ ላይ ሲመላለስ ከኋላ ይታያል። እየሳለች ነው ብሎ ትንፋሹን ለቀቀና ወደ ፎቅ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አለቃ ማ ሥዕሎቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አዩ። ከፒል-ሱን ሥዕል ሲደርሱ መነጽራቸውን አነሱ። ከወረቀቱ ጥግ አንዲት ትንሽ እንስሳ ቆማለች፤ አራቱ እግሮቿ እኩል፣ ኩምቢዋ እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ። ከጎኗ ሌላ አለች፤ ተኝታ ነው ቢባል ወድቃ የምትመስል።

«ፒል-ሱን፣ ይሄ አውሬ ነው ወይስ የምግብ ጠረጴዛ?»

«ብረት ይበላል።»

«ይብላ። ሥራ ግን አይሠራልንም።»

ሰው ሳቀ። ፒል-ሱንም አብራ ፈገግ አለች። አለቃው እንደመጸጸት ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አትቀየሚኝ። በዚህ ቤት እንዳንቺ ዘንዶ ያስነሳ የለም። ግን አየሽ፣ መቀስቀስና መውለድ ለየቅል ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

የመቀመጫ ትራሷን ጠቀለለች። የምሳ ዕቃዋን በጨርቅ ቋጠረች። ለእያንዳንዱ ሰው አንገቷን ዝቅ አደረገች። ሚ-ራን አቅፋት ስታለቅስ፣ «ቆይ፣ ፀጉሬን ማን በነፃ ይተኩስልኛል፤ ዛሬ አልቅሰሽ ነገ እንዳታስከፍዪኝ» አለቻት። ሶክ-ጁ ፊት ስትደርስ ትንሽ ቆመች።

«ፕሮፌሰር፣ እሁዶችህን አበላሸሁብህ።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ።» ሌላ ሊል ፈለገ፤ አለቃው አጠገቡ ቆመው ነበር።

ስትወጣ ወረቀቷን አንስቶ ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደው። መብራቱ ገና አልጠፋም። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፈው የራሱ አውሬ ወጣ። እርሳሱ የለም፤ ጠንካራው ጫፍ ወረቀቱን የወጋበት ስርጉድ ብቻ ቀርቷል። ላጲሱ በጥንቃቄ፣ በትዕግሥት፣ ወረቀቱን ሳይቀድ፣ ከኩምቢው እስከ ጅራቱ አንዲት መስመር ሳያስቀር ሄዶበታል። እነዚያ ሁለቱ ደረቅ እንስሶችም ያለ ነገር ጥግ አልያዙም። የቆሙት እሱ ምንም ባልነካው ቦታ ላይ ነበር።

ሶክ-ጁ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። መንገዱ ረጥቧል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፒል-ሱን ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ውሃውን አራግፋ፣ ትራሷን በብብቷ ይዛ ስትሳፈር አያት።

«እትዬ» ሲል በሩ ተዘጋ። የአውቶቡሱ መስኮት ጋ ደርሶ መስታወቱን በእጁ መታው። ፒል-ሱን ስንብት መስሏት፣ ከተሳፋሪዎቹ መሃል አንገቷን በትሕትና ዝቅ አደረገችለት፤ «ለምን አጠፋሽው?» የሚለው ጥያቄ አፉ ውስጥ እንዳለ አውቶቡሱ ተነሳ።