የኻሊድ ታርጋ

ባለፈው ሳምንት ዌስት አዳምስ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጋራዥ በኩል ሳልፍ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ሸተተኝ፤ ነጭ ጋዝ ላይ ሎሚ የጨመሩበት የሚመስለው ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ሳላዘው ቆመ። አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ፣ ግን ምንም አልመጣም። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ። ትዝ ያለኝ የአባቴ ነጭ ቫን ነው፣ የኋላ በሩ፣ በሩም ላይ አልወጣም ብሎ ስንቱን ሰው ያስቸገረው አንድ ብሎን።

ልጆች ሆነን የምንኖረው ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላኖች ሊያርፉ ሲወርዱ ሆዳቸው የሚታይበት መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ሰይድ በዚያ ቫን በርበሬና ሽሮ፣ ዱቄትና ለስላሳ እየጫነ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላሉት የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያደርስ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ታላቅ ወንድሜን ኻሊድንና እኔን ከጎኑ ደርድሮ ይዞን ይሄዳል። እዚህ አገር ሰው ከፈለገ በቁጥር ፋንታ ስም ያለበት ታርጋ ማዘዝ ይችላል፤ አባቴም የኻሊድን ስም አዘዘ። ጓደኞቹ «ሰይድ፣ የወለድከው ልጁን ነው ቫኑን?» እያሉ ቀለዱበት። እናቴ ሉባባ ግን አልሳቀችም፤ «የልጅ ስም መንገድ ለመንገድ ሲዞር ምን ይባላል? የሰው ዓይን የሚባል ነገር አታውቅም?» አለችው፣ እሱም እንደልማዱ ግንባሯን ስሞ አለፋት።

ታርጋው የመጣው በበጋ ነው፤ ኻሊድ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አምስት። ኻሊድ ስሜ ነውና እኔ ነኝ የማስረው ብሎ ድርቅ ሲል፣ አባቴ ታርጋውን ደግፎ ያዘለት፣ እሱም ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ መፍቻውን በሁለት እጁ ጨብጦ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አስገባ። የመጨረሻው የኋላ በሩ ላይ ያለው ነበር። ጨርሶ ላቡን ጠረገና «አባ፣ ጠበቀ?» አለ። አባቴም «ጠበቀ፣ ጎበዝ» አለው። ከዚያ ወዲህ ቫኑ ፌርፋክስ ላይ በታየ ቁጥር ባለሱቆቹ በር ላይ ወጥተው «ኻሊድ መጣ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ወንድሜ የተሳፈረ ይሁን አይሁን፣ ቫኑ ራሱ ኻሊድ ሆኖ ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ ኻሊድ ታመመ። ቫኑ ከሽሮ ይልቅ እሱን ወደ ሆስፒታል ማመላለስ ጀመረ፤ ጆንያ የሚደረደርበት ቦታ ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። ዝናቡ አባርቶ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ መንገዱ ላይ መርገፍ ሲጀምር ወንድሜ ሞተ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔ አበባው ጫማዬ ሥር እንዴት እንደሚያዳልጥ አስብ ነበር። ፈዝዤ ነበር፤ ቤታችን በሙሉ ፈዝዞ ነበር።

አባቴ ወደ ሥራው ሲመለስ ፌርፋክስ ላይ ማንም አልጮኸም። ቫኑ ሲታይ ባለሱቆቹ በር ላይ ወጥተው ታርጋውን ያዩና አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። አንድ ሁለት ሳምንት ሞከረና ቫኑን ልሸጠው ነው አለ። ይህን ያለው ለእኔ ነው፤ እሱና እናቴ መነጋገር ትተው ነበርና። አልተጣሉም፣ ክፉ ቃልም አልተለዋወጡም። እናቴ ስለ ሰው ዓይን ያለችውን ዳግመኛ አላነሳችም፣ እሱ ግን በየቀኑ የሚሰማው ይመስል በፊቷ ሲያልፍ ይጎብጥ ነበር። ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ነው፤ «ለአባትሽ ስጪው»፣ «ለእናትሽ ንገሪያት»።

በበጋው አጋማሽ አንድ ቀለም ቀቢ ቫኑን ሊገዛ ተስማማ፣ እሑድ ጠዋት ሊወስደውም ቀጠረ። እናቴ ሰሃን እያጠበች ዞር ሳትል «ለአባትሽ ንገሪው፤ ቫኑን ይሽጥ፣ ታርጋው ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። የልጄ ስም የሰው ቀለም አይጭንም» አለችኝ። ሄጄ ነገርኩት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀና መፍቻውን ይዞ ወጣ።

የፊቱ ታርጋ ወዲያው ተፈታ። የኋላው አንደኛው ብሎንም ወጣ። የመጨረሻው ግን እምቢ አለ። ቅዳሜ ስለነበር ሰዎች ሊያጽናኑን እየመጡ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ መምጣት አላቋረጡም፣ ግን የሚሉት አልቆባቸው ሳሎን ውስጥ ምንጣፉን እያዩ ይቀመጡ ነበር። ብሎን አልፈታ አለ የሚለውን ሲሰሙ ወንዶቹ ሁሉ ተነስተው ወጡ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚሠሩት ነገር አገኙ። አንዱ ኮካ አፍስሱበት አለ፣ ሌላው መዶሻ ጠየቀ፣ ሦስተኛው ከመኪናው የዝገት ማላቀቂያ አምጥቶ ብሎኑን አጠበው፤ ግቢው በዚያ ሽታ ተሞላ።

ከመጡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ግርማ ነበሩ፤ ጥንት ተማሪ ሆነው ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ለቅሶ ሲመጡ ከረቫት የማይለያቸው ሰው። ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀድምምና መፍቻው ለሳቸው ተሰጠ። «ጋሼ፣ እስቲ አንቱ ይሞክሩት» አለ አባቴ። ጋሼ ግርማ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ባላቸው ኃይል ሁሉ ወደ ቀኝ አዞሩት። ማጥበቂያው ወደዚያ ነው። ሁሉም አየ፣ ሁሉም አወቀ፣ ግን ጋሼ ተሳስተዋል የሚል ደፋር ጠፋ።

«ጠበቅ ብሏል» አሉ ጋሼ።

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ጠበቅ ብሏል» አሉ ሁሉም።

እንደገና አጠበቁት። ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ብሎኑ በማንም እጅ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ይዞራል፣ ግን አይወጣም። ብሎኑን ከውስጥ የያዘው ዳዶ ከቦታው ተነቅሎ አብሮት ይዞር ነበር።

ኤርፖርት የሚሠራው አንዋር የሚባለው ጎረቤታችን «ሶ፣ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ቤት አለኝ፤ ታርጋውን ጥጉ ላይ ከት እናደርገዋለን፣ ፊኒሽ» አለ። አባቴ ብሎኑ የተቀመጠበትን ጥግ በጣቱ ዳሰሰ፤ የስሙ የመጨረሻ ፊደል እዚያ ነበር። ከዚያ «ኦኬ፣ አምጣው» አለ።

ይህን ጊዜ እናቴ ሻሽዋን እያጠበቀች ወጣች። መስኮት ላይ ሆና ስትሰማ ኖሯል። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ማንንም ሳታይ ፒንሳ አነሳች፣ የቫኑን የጎን በር ከፍታ ገባችና ወደ ኋላው በር በጉልበቷ ሄደች። የበሩን የውስጥ ሽፋን መክፈት ታውቅበታለች፤ ኻሊድ አንድ ጊዜ የመጫወቻ መኪናውን በስንጥቁ ከትቶበት ሲያለቅስ፣ ከፍታ ያወጣችለት እሷ ነበረች። ፕላስቲኩ ሲላቀቅ ተሰማ። ከዚያ በሩ ከውስጥ ተንኳኳ።

«ያዝኩት» አለች። «አዙር።»

ይህን ያለችው ለእሱ ነው፣ በእኔ በኩል አይደለም። አባቴ መፍቻውን ገጥሞ ወደ ግራ ገፋ፤ ትንሽ ሄዶ ተያዘ።

«አልለቀቀም» አለ፤ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። «ሉባባ፣ ተጣሞ ነው የገባው። ሲያስገባው አይቼ ነበር።»

«ካየህ ለምን ዝም አልከው?»

«ደስ ብሎት ነበራ።»

ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ፣ ጋሼ ግርማ ከረቫታቸውን አላሉ። በላያችን አንድ አውሮፕላን አልፎ ጩኸቱ እስኪርቅ ማንም አልተነቃነቀም።

«ይዤልሃለሁ» አለች እናቴ። «አዙር።»

አዞረው። ብሎኑ እየተንጫጫ፣ ጥርሱ ተበልቶ፣ ቀስ እያለ ወጣ። አባቴ ታርጋውን ሳይጫጭር አንስቶ በጎኑ በር አቀበላት፤ እሷ ተቀበለችና ወዲያው አልወረደችም፣ እሱ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። ያለቀሱ ይመስለኛል፣ በሩን ስለዘጉት አላየሁም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እሑድ ቀለም ቀቢው መጥቶ ቫኑን በተራ የቁጥር ታርጋ ወሰደው።

ታርጋው ዛሬም እናቴ ኩሽና ውስጥ አለ፣ ሙሉ ስሙን ይዞ። ፌርፋክስ ላይ ብዙዎቹ ሱቆች ባለቤት ቀይረዋል፣ «ኻሊድ መጣ» የሚል የለም። አባቴና እናቴ ግን ዛሬ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዛ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ እኔም እንዲያ ሲሆኑ ደስ ይለኛል። አባቴ ኻሊድ ብሎኑን ሲያስገባ ስለምን ዝም እንዳለ ግን ለብዙ ዓመት ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ቃል ብሎት ቢሆን ብሎኑ ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር እል ነበር።

ዘይቱ በሸተተኝ ቀን ቫን ናይስ ሰፈር ካለው ቤቴ ስደርስ የአዲሷ መኪናዬ ታርጋ በፖስታ መጥቶ ጠበቀኝ። ልጄ እኔ ነኝ የማስረው አለች። ታርጋውን ደግፌ ያዝኩላት፤ መፍቻውን በሁለት እጇ ጨብጣ አዞረች፣ አዞረች፣ ላቧን ጠረገችና ቀና ብላ «እማ፣ ጠበቀ?» አለችኝ።

ብሎኑ ተጣሞ ነበር የገባው። አየሁት።

«ጠበቀ፣ ጎበዝ» አልኳት።