አውቶቡስ የተሳሳቱት እማማ

ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ጥዬ ከወጣሁ ወዲህ ያልገባሁበት ሥራ የለም። የጫካ ጉዞና የወንዝ ዋና አስጎብኚ በሆንኩበት በመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሆንኩላችሁ።

እሑድ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ቆሜ ተጓዦቼን አሳፍራለሁ። ከኋላችን ወደ ገዳም የሚሄድ የጠበል ጉዞ አውቶቡስ ቆሟል። ስም መጥራቱ ሰለቸኝና ሰው ብቻ ቆጥሬ፣ ሠላሳ ሲሞላ ሾፌሩን «ንካው!» አልኩት።

ከከተማ ወጥተን ስለ ጫካው መለፍለፍ ስጀምር፣ ከኋላ ወንበር ነጠላ ያጣፉ፣ ጀሪካን የታቀፉ እናት «ልጄ፣ ዛሬ መዝሙር የለም እንዴ?» አሉኝ።

ላብ አጠመቀኝ። እንዳልመልሳቸው ርቀናል። ለጉልበታቸው ጠበል ስንት ወር እንደጠበቁ ደግሞ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጅ ሲያወሩ እሰማለሁ። እውነቱን ልናገር እልና ስለ ጫካው መለፍለፌን እቀጥላለሁ። እንዲሁ እንደፈራሁ ጫካ ገባን። እማማ የሚያማቸውን ጉልበት ረስተው፣ ጠበሉ ጋ ቀድመው ሊደርሱ ከወጣቶቹ ፊት ፊት ይላሉ!

ወንዙ ዳር ስንደርስ ጨክኜ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ጠበል ሳይሆን የዋና ወንዝ ነው» አልኳቸው። ሳይመልሱልኝ ስልኬ ጮኸ። የእሳቸው ወንበር ባለቤት ነው፤ ለካ እሱም ተሳስቶ የጠበሉ አውቶቡስ ላይ ወጥቷል።

«አንተ፣ በቁምጣ ገዳም ሰደድከኝ እኮ! እናቶች ነጠላ አልብሰው መሀላቸው አስቀምጠውኛል!»

ጩኸቱ የተሰማቸው እማማ ስልኩን ነጠቁኝ። ሊቆጡ ነው ብዬ አቀረቀርኩ።

«በል ልጄ» አሉት ነጠላቸውን እያወለቁ፣ «አንተ ስለ እኔ ተጠመቅ፣ ለጉልበቴም በሃይላንድ ቅዳልኝ፤ እኔ ስላንተ እዋኛለሁ።»