መርዶ ከቱቲ ደሴት

ከሽንፋ የተነሣሁት በደርግ ዘመን፣ በበጋ ነው፤ ታናሽ ወንድሜን አስረስን ላመጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እናታችንን «ከጦሩ የከዳ ልጅሽን አምጪ፤ አለዚያ አንቺው ትታሰሪያለሽ» ብሏት እንቅልፍ አጥተን ነበር። አስረስ ካርቱም መሀል፣ ቱቲ በምትባል ደሴት እንደሚኖር ሹክ ያለኝ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነው።

መተማ

ኬላው ላይ ወታደሩ የበርበሬ ከረጢቴን በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገው።

«ወዴት ነው?»

«ገላባት ገበያ።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«በርበሬው ሲያልቅ ነዋ!» አልኩት። ከረጢቴን ተሸክሜ ወደ ኋላ ሳልዞር አለፍኩ።

ከገላባት ገዳሪፍ በሎሪ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ፤ አቧራው አያድርስ ነው! ከዚያ በአውቶቡስ ካርቱም ገባሁ።

ቱቲ

ደሴቷ ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ላይ ናት። ጀልባው ፎቁንና የመኪናውን ጩኸት ወዲያ ትቶ ሲሻገር ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ፤ የጭቃ ቤት፣ የሎሚ ተክል፣ ባሚያ፣ አህያ። ነዋሪው ሁሉ ዘመዳማች ነውና እንግዳ ሲያይ ዓይኑን አይነቅልም። አንዲት አሮጊት መንገዴን ዘግተው «ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። በገበያ ዐረብኛዬ «ወንድሜን» አልኳቸው። ፊቴን ትክ ብለው አዩና «ቁርጥ እሱን!» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አስረስ የሎሚ ተክል ውሃ ያጠጣል።

ተላቀስን። ልብሱን እንዲሰበስብ ስነግረው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እታለም፣ ከመጣሁ ይገሉኛል። ከቀረሁ እማዬን ያስራሉ። ሞተ በይ።»

«ሟርተኛ! በቁምህ ላልቅስልህ?»

«አልቅሺልኝ።»

ተናድጄ ልብሱን ራሴ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሌላ መላ ግን እኔም አጣሁ። ተሰናብቼው በመጣሁበት ተመለስኩ።

ሽንፋ

መርዶ በእኛ አገር ማለዳ፣ በሽማግሌዎች ነው የሚነገረው። ለሽማግሌዎቹም ሞተ አልኩ እንጂ እውነቱን አልነገርኳቸውም። ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩ። እማዬ ገና ስታያቸው ገባት፤ እየጮኸች መሬት ላይ ተዘረረች። ሊቀመንበሩም ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ ከበሩ ቆሞ ያያል። እያለቀስኩ አቀፍኳትና ጆሮዋ ሥር «አስረስ በሕይወት አለ። አልቅሺ» አልኳት።

ለቅሶዋን አቋርጣ ቀና ብላ አየችኝ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ከዚያ ደረቷን እየደቃች፣ ፊቷን እየነጨች ከቅድሙ አብልጣ ጮኸች። ሊቀመንበሩ ገባና «እግዜር ያጥናሽ» አላት።

ቀበሌው ዳግመኛ አልጠራትም። እኔም ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ መጥቼ ያወቅሁት እናቴን ነው። ያን ቀን ፊቷን የነጨችው ደስ ብሏት ነበር።