የማይረጋው የጀማል ዓይን፦ ከአንገቱ ከተማ እስከ ጎባ

ከባሌዋ አንገቱ ከተማ የተነሳነው በባለቤቴ በጀማል ዓይን ምክንያት ነው። ጀማል ከተወለደ ጀምሮ ዓይኖቹ ይርገበገባሉ፤ አንድ ቦታ ላይ አይረጉም። እሱም ለምዶት ቡናውን እየነገደ ኖሯል። ስኳር በሽታ ከያዘው ወዲህ ግን ሐኪሞች፣ የዓይኑ የውስጠኛው ክፍል፣ ሬቲና የሚሉት፣ ተጎድቶ እንደሆነ ለማየት ፎቶ ይነሳ አሉ። ሁለት ጊዜ ሄደን «ዓይኑን አላቆም ስላለ ፎቶው ተበላሽቷል» ተብለን ተመለስን። አሁን የዓይንን እንቅስቃሴ እየተከታተለ የሚያነሳ መሣሪያ የያዙ ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ጎባ መጥተዋል ሲባል፣ «ደግሞ ቁጣ ልሰማ ልሂድ?» እያለ ጎትቼ አወጣሁት።

ሪራ

ሾፌሩ «አሁኑኑ እንነሳለን» ብሎን መኪናው እስኪሞላ ረፈደ። የሐረና ጫካ መንገድ በዝናብ ጨቅይቶ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሪራ ስንደርስ ሾፌሩ ለምሳ ጠፋ። ጀማልም ጠፋ። ፈልጌ ሳገኘው አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ዳቦውን በማር እያጠቀሰ ነው።

«ጀማል፣ ለምን እንደምንሄድ ረሳኸው?»

«ትንሽ ናት» አለኝ፣ አፉ እንደሞላ።

ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁት። የሰነቴን ሜዳ እስክንሻገር አላናገርኩትም። ጉም ውስጥ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ብቻ ቆመው ይታያሉ። ሰው ሁሉ ውበቱን ያወራል፤ እኔ እግሬ በብርድ ደንዝዞ ምንም አላየሁም።

ጎባ

ስንደርስ መብራት የለም፤ «ነገ ኑ» ተባልን። አልጋ ይዘን አደርንና በማግስቱ ተሰልፈን ገባን። ባለሙያዋ ሲስተር ሮማን የምትባል ረጋ ያለች ሴት ነች። ጀማል አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፎ አረንጓዴውን መብራት ማየት ጀመረ። ፎቶው ግን አልመጣም። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ቀጥ አድርገህ እይ እንጂ!»

«ቀጥ ማድረግ ብችል እዚህ ምን አመጣኝ?» አለና ለመነሳት ቃጣ።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ጀማል» አለች ሲስተር ሮማን። ወደ እኔ ዞራ፣ «አይቆጧቸው። ዓይናቸው ሲሄድ መሣሪያው ይከተለዋል። ሲያመልጠው ያቆማል፣ ሲያገኘው ካቆመበት ይቀጥላል። ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።»

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነስቶ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ተጀመረ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ብርቱካንማ ክብ መጣ፤ ደም ሥሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

«የኔ ነው?» አለ ጀማል።

«የእርስዎ ነው።»

«ገለቶሚ» ብሎ በኦሮምኛ አመሰገናት።

ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ፣ ግራ ዓይኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደም መፍሰሱን ነገረን። መሃሉ ገና ደህና ነው፤ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ የሌዘር ሕክምና ካልተደረገለት ዓይኑ ይጠፋል።

መመለሻ

የጫካው መንገድ ያው ጭቃ፣ ሾፌሩም ያው ቀርፋፋ ነበር። ጀማል ግን አጠገቡ ለተቀመጠ ሁሉ ስለ ፎቶው ሲያወራ እስኪሰለቸኝ ሰማሁት። እኔ ግትር የምለው ሰው፣ ለካ በየሄደበት ጥፋተኛ ተብሎ መመለስ ነበር ያንገፈገፈው። ይህን ያወቅኩት እዚያ መኪና ውስጥ ነው።

አንገቱ ገብተን ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «ለአዲስ አበባ መቼ ነው የምንነሳው?» አለኝ።

«መጀመሪያ እግሬን ልታጠብ» አልኩት።