በነጠላ የታጠረው ካሮት

በዚያ የሐምሌ እሁድ ጀርመን አገር፣ ቦርንሃይም ዳር ባለው የአትክልት ቦታ የነበርነው አራት ነን። አንደኛ አቦይ፤ ቦታውን የተከራዩት እሳቸው ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ መጋዘን ሠርተው ጡረታ የወጡ። ሁለተኛ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው እህታችን፤ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጣች ነጠላዋን አላወለቀችም። ሦስተኛ የአትክልት ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጀርመናዊ። አራተኛው እኔ። ስም አልጠራም።

ሊቀመንበሩ አንድ ካሮት ነቅሎ ሰበረው። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ሥሩ በቡናማ መስመር ተቦርቡሯል፤ ውስጡ ቀጭን ቢጫ ትል ነበር። የካሮት ዝንብ እጭ ነው። ለጎረቤት እንዳይዛመት መደቡ ተገልብጦ ዘንድሮ ካሮት የሚባል እንዳይዘራ አዘዘ። አለዚያ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ከዚያ ውሉ ይቋረጣል። አቦይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆፈሩት መሬት ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስታችን የበዛውን እየነቀልን ካሮቱን ስናሳሳ አቦይ የተነቀለውን እዚያው መደቡ ላይ አነጠፉት፤ አባታቸው አፈሩ እንዳይደርቅ እንዲህ ያደርጉ ነበር። የተቀጠፈ ቅጠል ሽታ ዝንቧን እንደሚጠራ አንብቤያለሁ። ግን አባቴ የሚሆኑትን ሰው ማረም ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ያን እሁድ ግን የሽታውን ነገር ተናገርኩ። የታመመውን በከረጢት እናስወጣለን፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ግን ቶሎ የሚደርስ የካሮት ዘር እንዘራለን አልኩ። ሊቀመንበሩ እንዳልተስማማ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

"ለምን ያኔ አልነገርከኝም?" አሉ አቦይ።

"አፈርኩ፣ አቦይ።"

"ትሉ አላፈረም።"

አዲሱን ዘር ዘራን። ዝንቧ ዝቅ ብላ ነው የምትበረው፤ ዙሪያው ከታጠረ አብዛኛውን ጊዜ አትሻገርም። እህታችን ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያረጁ ነጠላዎች ለቅማ አመጣች። እኔ ችካሎቹን ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ቆርጬ ተከልኩ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ወጠርኩ፣ የታችኛውን ጠርዝ አፈር ውስጥ ቀበርኩት። እህታችን ቆማ አየችና ካሮቱ ከእኔ አምሮ ሊያስቀድስ ነው አለች።

ሊቀመንበሩ ባየው ጊዜ ይህ ቦታ ልብስ ማስጫ አይደለም አለ። አቦይ ልብስ ሳይሆን አጥር መሆኑን በጀርመንኛ ነገሩት፤ የማኅበሩን ደንብ ገልጠውም የተፈቀደውን የአጥር ቁመት በጣታቸው አሳዩት። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያው በፖስታ መጣ። አቦይ አንብበው አጣጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ውኃ ማጠጣታቸውን ቀጠሉ። አጥሩን አላፈረስንም። ዝናብ ሁለቴ ጣለው፣ ሁለቴም መልሰን ወጠርነው።

ጥቅምት ላይ ሊቀመንበሩን ጠርተን፣ ከፈለገው ቦታ ራሱ እንዲነቅል ነገርኩት። አርባ ነቀለ። ሦስቱ በትል ተበልተዋል፤ ሠላሳ ሰባቱ ንጹሕ ናቸው። አንዱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገመጠና ብዙ አኘከ። ከዚያ ማስጠንቀቂያው እንደተነሣ፣ ለከርሞ ግን ነጭ ያልሆነ ጨርቅ ቢሆን እንደሚሻል ተናገረ።

"ነጭ ነው የምናደርገው" አሉ አቦይ።

አቦይ፣ እህቴ፣ ነጠላ የሰጣችሁ እናቶች፣ የረሳሁትን ጨምሩልኝ። ነጠላዎቹ ስድስት ነበሩ ወይስ ሰባት? ዝናቡ አጥሩን በጣለ ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ማን ነበር? ሊቀመንበሩ ካሮቱን እያኘከ ሳለ ለአቦይ የሆነ ነገር ብሏቸዋል፤ እኔ አልሰማሁም። የተበሉት ግን ሦስት ናቸው። እሱን ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።