የተሰረቀው ሕፃንና የዶሚቲላ ቁልፍ

ለሰማይ ነዋሪዎች፣ ለምድር ባለሥልጣናት፣ በየኮሪደሩ ለሚንሸራተቱ ደናግልና ለሁለት መቶ አሥራ አንዱ አዳሪ ተማሪዎች በሙሉ! ከሜሪዳ ከተማ በላይ፣ ጉም በማይለየው ተራራ ላይ፣ የትምህርት ቤቱን በር ቁልፍ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንገታቸው ያንጠለጠሉት፣ በበሩ መስኮት አሻግረው ለማየት በርጩማ ላይ የሚወጡት ክብርት ዶሚቲላ ኡስካቴጊ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሕፃኑ ኢየሱስ የግል ዘበኛ ሆነው መሾማቸውን እወቁልን!

ሹመቱን የሰጡት እማሆይ አሱንታ ናቸው። እማሆይ በመስከረም ከዋናው ከተማ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሆነው ሲመጡ ሦስት ሻንጣ ደንብ ይዘው ነው የመጡት፤ ለልብሳቸው አንዲት ከረጢት በቃች። በአራት ወር ውስጥ በጸሎት ቤት መሳቅን፣ በመቁጠሪያ ጸሎት ላይ ማዛጋትን፣ ለኑዛዜ መጋፋትን ከለከሉ። ልጆቹ የሚጋፉት በኃጢአት ብዛት አይደለም፤ የቄሱ የአባ ፕላሲዶ መናዘዣ ክፍል ከወጥ ቤቱ ምድጃ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ይሞቃል። ይህን ለእማሆይ የነገራቸው የለም። በጥር መባቻ ደግሞ ዓይናቸው በሩ አጠገብ ባለው፣ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል በተኛበት የገና ግርግም ላይ አረፈ።

የተራራው ሰው ሕፃኑን በገና ማግስት ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አይከትም። እስከ የካቲት ሁለት ያስተኛውና በዕለቱ ከግርግሙ አንስቶ በዝማሬ ያቆመዋል፤ ሳይቆም ከቀረ ዓመቱ ለቤቱ አይቀናም። ከመቆሙ በፊት ግን መሰረቅ አለበት። ይሰረቃል፣ ሻማ ተይዞ በየበሩ ይፈለጋል፣ የተገኘበት ሌባ ወይንና ኬክ ያቀርባል። በትምህርት ቤቱ ሌቦቹ ሁልጊዜ ተማሪዎቹ ናቸው። ዶሚቲላን ልክ በማታ ጸሎት ሰዓት ሳል ይይዛቸውና ውሃ ሊጠጡ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ግርግሙ ባዶ ነው። ልጆቹ በነጋታው ይናዘዛሉ። አባ ፕላሲዶም «አንድ ‹ጸጋ የሞላሽ›፣ ለእኔ ደግሞ የኬኩን ጠርዝ» ብለው ንስሐ ይሰጣሉ።

«ስርቆት! በእግዚአብሔር ቤት!» አሉ እማሆይ አሱንታ። «ስሚ ዶሚቲላ፣ ሕፃኑ ከጠፋ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

«እማሆይ፣ እኛ ዘንድ እኮ ስርቆት አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

ዶሚቲላ አሰቡ። «ስርቆት ይባላል። ግን የደስታ ነው።»

የደስታ ስርቆት የሚል አንቀጽ በሦስቱም ሻንጣ አልተገኘም።

ዶሚቲላ ባል የላቸው፣ ወንድም የላቸው። በሩ ሥር ያለችው የሚያድሩባት ክፍል እንኳ የቁልፉ እንጂ የእሳቸው አይደለችም። ስለዚህ የሕፃኑን እግር በክር አስረው ክሩ ላይ ቃጭል አንጠለጠሉ። ማታ ብሪሂዳ የምትባለው የአሥራ አራት ዓመት አውራ ሌባ ግብረ አበሮቿን አስከትላ መጣች።

«እትዬ ዶሚቲላ፣ ሳልዎትስ?»

«ተሻለኝ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ጸልዬ ነው የተሻለኝ። ሂጂ ከዚህ!»

«ኧረ ፖሊስ ሆኑብን! ኮፍያ ብቻ ነው የቀረዎት።»

«ኮፍያውንም አስመጣለሁ፣ አንቺ እጀ ረጅም!»

ልጆቹ አጉረምርመው ሄዱ። ዶሚቲላ ወደ ሕፃኑ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ዝም በል! ምን ላድርግህ? ተኝተህ ትቀራለህ፤ እኔም ቁልፌን ይዤ እቀራለሁ።» ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ በዚያው መሐረብ የሕፃኑን አፍንጫ ከአቧራ ጠረጉለት።

የካቲት ሁለት፣ ከቀትር ጸሎት በኋላ፣ ለወተት አምጪው ከፍተው፣ ወተቱን ወጥ ቤት አድርሰው ሲመለሱ ክሩ በመቀስ ተቆርጧል፤ የቃጭሉ ሆድ ጥጥ ተጎስጉሶበታል። ሕፃኑ የለም።

«ብሪሂዳ! አምጪው!»

«በእናቴ እትዬ፣ አልነካሁትም! ብሰርቀውማ እየፎከርኩ ነበር የማልፍዎት።»

ይህ እውነት ነበር። እንግዲህ በደንቡ መፈለግ ነው። ሻማ ተለኮሰ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ልጅ እየዘመረ ከዶሚቲላ ኋላ ተሰለፈ። ወጥ ቤት የለም፤ ልብስ ማጠቢያ የለም። መናዘዣው ውስጥ የአባ ፕላሲዶ የተደበቀ አይብ ብቻ ተገኘ፤ አባም አይባቸውን ኪሳቸው ከትተው ሰልፉን ተቀላቀሉ። የቀረው የእማሆይ ክፍል ነበር።

ዶሚቲላ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ገቡ። «እማሆይ፣ ሕፃኑ ጠፍቷል። ይረከቡኝ።»

እማሆይ ፈገግ አሉ። ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው ከፎጣዎቹ ሥር ሕፃኑን አወጡ። «አልጠፋም! እንደማትታመኑ ስለማውቅ እኔው ራሴ ክሩን ቆርጬ ወሰድኩት። ትምህርት ይሁናችሁ!»

ዝማሬው ቀጥ አለ። አባ ፕላሲዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከግርግሙ ያወጣው ማን ነው አሉኝ፣ እማሆይ?»

«እኔ!»

«ለማንም ሳይነግሩ?»

«ለማንም!»

«ሻማ ተይዞ ተፈልጎ፣ እርስዎ ዘንድ ተገኘ?»

«እና ምን ይሁን?»

«ሌባችን ተገኙ!» ብላ ጮኸች ብሪሂዳ፣ አክብሮቷን ሳታጓድል።

«እኔ ጠባቂ ነኝ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ አባ ፕላሲዶ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኑዛዜ ሰምቻለሁ።»

እማሆይ እንደ በርበሬ ቀልተው ቁልፉን ነጠቁ። «ቢሆንም ከቦታው ታጥቷል! ቃል ቃል ነው!»

በዚህ ጊዜ ደጅ ቫዮሊን ተሰማ። የመንደሩ ሰው ሕፃኑን ሊያቆም መጥቷል፤ ለሥርዓቱ የተመረጡት አራት የክርስትና ወላጆች ሕፃኑን የሚሸከሙበትን የሐር መሐረብ አራት ጫፍ ይዘው ዝናብ ይደበድባቸዋል። እማሆይ ሊከፍቱ ሄዱ። ቁልፉን ቢያዞሩ፣ በሩን ቢገፉ፣ ቅዱስ ጴጥሮስን ቢጠሩ፣ ወይ ፍንክች!

«እትዬ ዶሚቲላ ሞቱ እንዴ?» አለ ከውጭ አንድ ሽማግሌ።

«አልሞትኩም፤ ተሽሬ ነው!»

ውጭ ሳቁ። ውስጥም ሳቁ። እማሆይ አሱንታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቁልፉን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ለዛሬ ነው ወይስ…»

«ለሁልጊዜ! ክፈቺው ብቻ!»

ዶሚቲላ ቁልፉን አዙረው በጉልበታቸው የበሩን የታችኛውን ጥግ ጎሸም አደረጉት፤ በሩ ወለል አለ።

ሕፃኑ ቆመ። ኬኩና ወይኑ ለጳጳሱ ጉብኝት ከተቀመጠው ወጣ፤ ቆርሰው ያደሉትም ሌባዋ ራሳቸው ናቸው። በጸሎት ቤቱ ውስጥም ሲስቁ ታይተዋል፤ ቅጣቱን ለራሳቸው ይጻፉ።

አሁን እማሆይ በደናግሉ ማኅበር መጽሔት ላይ «ጥንታዊውን ባህል ለማደስ ስል ራሴ ሰረቅሁ» ብለው ጽፈዋል። በሩን ስለከፈተው ጉልበት አንድ መስመር የለም። እናንተ በጠባቂ ላይ ጠባቂ መሾም የምትወዱ አንባቢዎች ሆይ፣ አንዲት ነገር እለምናችኋለሁ፦ ከበረኛ አንገት ቁልፍ ከማውለቃችሁ በፊት፣ እባካችሁ የራሳችሁን ቁም ሣጥን ከፈት አድርጋችሁ ከፎጣዎቹ ሥር ምን እንዳለ እዩ።