የአባቴ ማስነጠስ

የጤና ባለሙያ ነኝ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለጠባቂዎቹ ስለ ኢንፍሉዌንዛ እንዳስተምር ተልኬ፣ "ቫይረሱ በየጊዜው ካፖርቱን ይቀይራል፤ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነታችን ዘቦች ግን ከውስጡ የማይለወጠውን ቁራጭ ያውቃሉ። አይተውት የማያውቁት ዝርያ ቢመጣ እንኳ በዚያ ቁራጭ ይለዩታል" እያልኩ ሳስረዳ ማስነጠሴ መጣ። የእኔ ማስነጠስ ጣሪያ ያነሳል፤ መጨረሻው ላይ እንደ አህያ ያናፋል። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ልጆች ሳለን እሱ ጅቡቲ ሹፌር ሆኖ ዓመታት ሲቀር፣ እናቴ እኔ ባስነጠስኩ ቁጥር ታለቅስ ነበር።

ከፊት የተቀመጡ፣ አይቻቸው የማላውቅ ጡረታ የደረሱ ጠባቂ ብድግ አሉ።

"አንተ የከበደ ልጅ ነህ!"

"ጅቡቲ ነው የሚያውቁት?" አልኳቸው ደስ ብሎኝ።

"የምን ጅቡቲ? እዚሁ ታስሮ በማስነጠስ እንቅልፍ የነሳን እሱ አይደል እንዴ!"